ባዶ ታንከር በጎርፍ ፊት፦ ስለ ፋብሪካ ነዳጅና ኃይል የክረምት ዝግጅት የቀረበ ምላሽ

ሰሞኑን በፋብሪካ ሠራተኞችና በጥገና ባለሙያዎች መካከል ከእጅ ወደ እጅ ሲዘዋወር የሰነበተ አንድ ጽሑፍ ደርሶኝ ደጋግሜ አነበብኩት። ጸሐፊው የነዳጅ ማከማቻዎች፣ ቦይለር (የእንፋሎት ማምረቻ) ቤቶች፣ የጀነሬተር ክፍሎችና የኤሌክትሪክ ማከፋፈያዎች የክረምትን ጎርፍ እንዴት ሊቀበሉት እንደሚገባ በአምስት ነጥቦች ያስረዳሉ። በመጀመሪያ፣ የሀገራችን ኃይል ከውሃ የሚመነጭ ስለሆነና ግድቦቹም ጎርፉን ስለሚይዙልን ክረምት ለኃይል ዘርፉ ስጋት አይደለም ይላሉ። ቀጥለው፣ ለጎርፍ የተጋለጠ ግቢ ቢኖር እንኳ ጠንካራ የግንብ አጥርና አንድ ሁለት ፖምፕ እንደሚበቃው ይገልጻሉ። በሦስተኛ ደረጃ፣ ነዳጅ ወደ ወንዝ እንዳይገባ ታንከሮችን ከሰኔ በፊት አራግፎ ባዶ ማድረግን ይመክራሉ። አራተኛው ነጥባቸው መብራት ቢጠፋ ጀነሬተር አለ የሚል ሲሆን፣ አምስተኛው የሚቲዎሮሎጂ ትንበያ ቀደም ብሎ ስለሚነገር ለመዘጋጀት ጊዜ አይጠፋም የሚል ነው።

ጸሐፊው በቅን ልቦና እንደጻፉት አልጠራጠርም። ቦይና ፖዜቶ ከግንቦት ጀምሮ ይጠረግ ማለታቸውም ትክክል ነው፤ ይህን እንኳ ሳያደርጉ ሰኔን የሚቀበሉ ግቢዎች ጥቂት አይደሉም። ነገር ግን በቦይለር ቤትና በነዳጅ ማከማቻ ጥገና ብዙ ክረምት ያሳለፍኩ ሰው እንደመሆኔ፣ ከአምስቱ ነጥቦች አራቱ የሚያዘናጉ፣ አንዱ ደግሞ በተግባር ከዋለ ራሱ አደጋ የሚያመጣ ሆኖ ስላገኘሁት ምላሽ መስጠት ግዴታዬ መሰለኝ። ቅደም ተከተላቸውን እጠብቃለሁ፤ ሦስተኛው ላይ ግን ረዘም ያለ ጊዜ እወስዳለሁ።

ኃይላችን በአብዛኛው ከውሃ መመንጨቱ እውነት ነው። ሆኖም ከግድብ የሚመነጨው ኃይል ፋብሪካ ዘንድ የሚደርሰው በማስተላለፊያ መስመር፣ በማከፋፈያ ጣቢያ፣ በ15 ወይም በ33 ኪሎ ቮልት መስመርና በመጨረሻም በፋብሪካው የራሱ ትራንስፎርመርና ኃይሉን ወደየመሣሪያው በሚያከፋፍለው ስዊችቦርድ አልፎ ነው። ከእነዚህ አንዱ ዝቅተኛ ቦታ ላይ ከተቀመጠ፣ ግድቡ ሞልቶ ተርባይኑ እየዞረ ፋብሪካው በጨለማ ሊቀመጥ ይችላል። ፋብሪካ ደግሞ ወንዝ ዳር ይወዳል፤ ውሃ ይፈልጋል፣ ሜዳ መሬት ይፈልጋል፣ ፍሳሹንም የሚያስወግድበት ይፈልጋል። የአቃቂ ቃሊቲ ፋብሪካዎች ለአቃቂ ወንዝ፣ የወንጂና የመተሐራ ስኳር ፋብሪካዎች ለአዋሽ የቀረቡት በዚህ ምክንያት ነው። የስኳር ፋብሪካዎቹ ባጋስ የሚባለውን የአገዳ ገለባ አንድደው የራሳቸውን እንፋሎትና ኤሌክትሪክ ስለሚያመነጩ፣ እዚያ የኃይል ማመንጫው ራሱ ወንዝ ዳር ቆሟል ማለት ነው።

«ግድቡ ይይዝልናል» የሚለውም በጥንቃቄ መታየት አለበት። የቆቃ ግድብ እ.ኤ.አ. ከ1960 ጀምሮ የአዋሽን ጎርፍ እየገታ ኃይል ሲያመነጭ ኖሯል፤ ዓመት ዓመት የሚገባበት ደለል ግን ውሃ የሚይዝበትን ቦታ እየወሰደበት ነው። ከዚህም በላይ ማንኛውም ግድብ በደንብ የሚይዘው የመጀመሪያውን ጎርፍ ነው። በሰኔና በሐምሌ ባዶ የነበረው ሐይቅ ነሐሴ ሲያልቅ ይሞላል፤ ከዚያ በኋላ የሚመጣው ውሃ ግድቡን ራሱን ለማዳን ሲባል መለቀቅ አለበት። በ2012 ዓ.ም. ክረምት አዋሽ ሞልቶ በአፋር ክልል በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ሲፈናቀሉ፣ ከግድቦች የተለቀቀው ውሃም ከምክንያቶቹ አንዱ ነበር። እንግዲህ ከግድብ በታች ያለ ፋብሪካ ትልቁን ስጋት የሚጠብቀው ዝናቡ ጋብ ብሎ ሰው ሁሉ «ክረምቱ አለፈ» በሚልበት በነሐሴ መጨረሻና በመስከረም ነው። እንዲህ ያለ ግቢ ውሃ ሲለቀቅ በቀጥታ የሚነግረው ሰው ግድቡ ላይ ሊኖረው፣ የተለቀቀውም ውሃ ስንት ሰዓት ተጉዞ እንደሚደርስበት ሊያውቅ ይገባል።

ወደ ግንብ አጥሩ ልለፍ። እ.ኤ.አ. በ2011 ታይላንድ ውስጥ ወራት የፈጀው የክረምት ጎርፍ በአዩታያና በፓቱም ታኒ ሰባት የኢንዱስትሪ መንደሮችን አጥልቋል፤ በአፈር ክምርና በአሸዋ ከረጢት ውሃውን ለመከላከል ቀንና ሌሊት ተሠርቶ ነበር። ውሃው አንዴ ጥሶ ከገባ በኋላ ለመውጣት ሳምንታት ፈጀበት፤ ያገደው የነበረው ክምር አሁን ውስጥ ይዞት ቀርቷልና። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1999 ደግሞ ፈረንሳይ ውስጥ በብላዬ የኑክሌር ጣቢያ በዐውሎ ነፋስ የተገፋው ውሃ ከመከላከያው ግንብ በላይ ሲያልፍ፣ ወደ ሕንፃዎቹ ውስጥ የዘለቀው በኬብልና በቧንቧ መተላለፊያዎች በኩል ነበር። ባልተደፈኑ ቀዳዳዎች ሾልኮ ከመሬት በታች ያሉ ክፍሎች ደረሰ፤ ለደኅንነት የሚያስፈልጉ ፖምፖችንም አቆመ። በእኛ ፋብሪካዎችም የኬብል ቦይ ከውጭ ትራንስፎርመር እስከ ስዊችቦርዱ እግር ድረስ ያለ ምንም መዝጊያ ይዘረጋል። አጥሩ የቱንም ያህል ቢጠነክር፣ ከላሜራ ክዳኑ ሥር ያለው ይህ የኬብል ቦይ ውሃውን እጁን ይዞ ወደ ኤሌክትሪክ ክፍሉ ያደርሰዋል።

ከውጭ የሚመጣ ጎርፍ ባይኖር እንኳ፣ በግንብ የተከበበ ግቢ የራሱን ዝናብ ምን ያደርገዋል? ሁለት ሄክታር ግቢ ላይ 50 ሚሊ ሜትር ዝናብ ቢወርድ 1,000 ሜትር ኪዩብ ውሃ ይሆናል። በሰዓት 100 ሜትር ኪዩብ የሚስብ ጥሩ ፖምፕ ይህን ለማውጣት አሥር ሰዓት ይፈጅበታል፤ ያውም መብራት ካለ፣ መምጠጫውም በቆሻሻ ካልተደፈነ። አጥር አይሠራ አልልም። ከአጥሩ በፊት ግን የኬብል መግቢያዎች ይደፈኑ፣ ወደ ወንዝ በሚወጣው ቱቦ አፍ ላይ ውሃ ወደ ኋላ እንዳይመለስ የሚያግድ ቫልቭ ይገጠም፣ ፖምፑም ከጎርፉ ከፍታ በላይ ካለ መስመር መብራት ያግኝ።

አሁን ወደ ሦስተኛው ነጥብ። «ታንከሩን አራግፉ» የሚለው ምክር ሲሰሙት ልክ ይመስላል፤ የሌለ ነዳጅ አይፈስምና። ነገር ግን መሬት ላይ የተቀመጠ ባዶ ታንከር ውሃ ሲከበው ከጀልባ አይለይም። ለምሳሌ ወርዱ 10 ሜትር፣ ቁመቱም 10 ሜትር፣ የብረቱ ክብደት 22 ቶን የሆነ ታንከር እንውሰድ። የወለሉ ስፋት 78.5 ካሬ ሜትር ስለሆነ፣ በዙሪያው የሚጨምረው እያንዳንዱ ሜትር ውሃ በ78.5 ቶን ኃይል ወደ ላይ ይገፋዋል። በሌላ አነጋገር ታንከሩን ከመሠረቱ ለማላቀቅ 28 ሳንቲ ሜትር ውሃ ይበቃል፤ ይህ ቆሞ የሚሠራ ሰው ጉልበት የማይደርስ ውሃ ነው። በመሠረቱ ላይ በብሎን የታሰረ ከሆነ የተወሰነ ይታገሣል፤ በራሱ ክብደት ብቻ የተቀመጠው ግን ይነሣል፣ ያዘነብላል፣ የተያያዘበትን ቧንቧ ይገነጥላል። ቧንቧው ውስጥ የቀረውና በጎረቤት ታንከር ያለው ነዳጅ በተገነጠለው በኩል ይወጣል። ጸሐፊው ሊከላከሉት የፈለጉት ብክለት በዚህ መንገድ ይደርሳል ማለት ነው።

ይህ በወረቀት ላይ ብቻ የተሰላ ነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2005 ካትሪና የተባለው ዐውሎ ነፋስ ሉዊዚያናን ሲያጥለቀልቅ፣ ሜሮ በተባለ አካባቢ በሚገኘው የመርፊ ኦይል ማጣሪያ ውስጥ 250,000 በርሜል የሚይዝ አንድ ታንከር ከመሠረቱ ተነቃንቆ ተቀደደ። በዚያን ጊዜ በውስጡ የነበረው ድፍድፍ 65,000 በርሜል ገደማ፣ ማለትም ከአቅሙ ሩብ ያህል ነበር። ከ25,000 በርሜል በላይ ፈስሶ 1,800 ያህል መኖሪያ ቤቶችን በከለ። ታንከሩ ባዶ እንዳልነበረም ልብ ይሏል፤ ሩቡ መሞላቱ እንኳ ለዚያ የውሃ ከፍታ አልበቃውም።

ስለዚህ ትክክለኛው ምክር የጸሐፊው ተቃራኒ ነው። እያንዳንዱ ታንከር በክረምት ከተወሰነ መጠን በታች እንዳይወርድ መደረግ አለበት። ከላይ በጠቀስኩት ታንከር አንድ ሜትር ውሃ ቢመጣበት፣ ናፍጣ ከውሃ ስለሚቀል፣ ክብደቱን ለማመጣጠን ብቻ 86 ሳንቲ ሜትር ያህል ናፍጣ ያስፈልገዋል፤ መጠባበቂያ ሲታከልበት አንድ ሜትር ተኩል ማለት ያዋጣል። ለጥገና ባዶ መሆን ያለበት ታንከር በበጋ ይጠገን፤ ወደ ክረምት ከገባ ደግሞ ንጹሕ ውሃ ሞልቶ ማቆየት ይቻላል። በየማደያው መሬት ውስጥ የተቀበሩትም ከዚህ ሕግ አያመልጡም። 50,000 ሊትር የሚይዝ ባዶ ታንከር የከርሰ ምድር ውሃ ሲከበው 50 ቶን ያህል ኃይል ወደ ላይ ይገፋዋል፤ በኮንክሪት ወለል ላይ በማሰሪያ ካልተያዘ በላዩ ያለውን ንጣፍ ሰንጥቆ ብቅ ሊል ይችላል። በመሙያውና በመለኪያ ዘንጉ ቀዳዳ የሚገባው ውሃም አለ፤ ክዳኑ ጎማ ከሌለው ግቢው ላይ የተኛ ውሃ ቀስ እያለ ወደ ታች ይወርዳል፣ ከናፍጣው ሥርም ይተኛል።

ሌላም ምክንያት አለ። ነዳጃችን በአብዛኛው ከጅቡቲ በቦቴ የሚመጣ ነው። መንገድ በጎርፍ በሚቆረጥበት ወቅት ባዶ ታንከር ይዞ መጠበቅ፣ ቦይለሩንና ጀነሬተሩን በተቆረጠው መንገድ ላይ ማንጠልጠል ነው።

ጸሐፊው ስለ ወንዙ የተጨነቁት ግን በእውነት የሚያስጨንቅ ነገር ስለሆነ፣ የት መመልከት እንዳለብን ላመልክት። ታንከሮቹን የሚከበው ዝቅተኛ ግንብ ታንከር ቢቀደድ ነዳጁን እንዲይዝ የተሠራ ነው፤ ከግርጌው የዝናብ ውሃ የሚወጣበት ሳራቺኔስካ (በእጅ የሚከፈትና የሚዘጋ ቫልቭ) አለው። አንድ ግቢ ውስጥ ይህን ሳራቺኔስካ ለማየት ስሄድ መዝጊያው ዝጎ ክፍት እንደሆነ ተጣብቆ አገኘሁት። ጥበቃውን ስጠይቃቸው፣ «ልጄ፣ ክረምት ክረምት ውሃው እየሞላ ስለሚያስቸግረን ከፍተን ነው የምንተወው» አሉኝ። በቱቦው አፍ ላይ ያለው ድንጋይ ጥቁር ቅባት ለብሶ፣ ከሥሩ ያለው ሣር እስከ ወንዙ ድረስ ደርቆ ነበር። ተቃራኒውም አጋጥሞኛል፤ ዓመቱን ሙሉ ተዘግቶ ግንቡ እስከ አፉ የዝናብ ውሃ የያዘበት ግቢ አይቻለሁ። እንዲህ ሲሆን ነዳጅ ቢፈስ የሚያርፍበት ቦታ የለም፤ ታንከሩም ጎርፍ ሳይመጣ ውሃ ውስጥ ቆሟል። ሳራቺኔስካው በቁልፍ ተዘግቶ፣ ዝናብ በጣለ ቁጥር አንድ ሰው የውሃውን ገጽ አይቶ፣ ቅባት አለመኖሩን አረጋግጦ፣ እዚያው ቆሞ አውጥቶ መልሶ ሊዘጋው ይገባል። ይህ ሥራ ወጪው አንድ ቁልፍና አንድ መዝገብ ነው።

ስለ ጀነሬተሩ ብዙ አልልም፤ የሚቀመጥበት ከፍታ ሁሉን ይናገራል። ጃፓን ውስጥ በፉኩሺማ የኑክሌር ጣቢያ እ.ኤ.አ. በ2011 ውሃው ሲገባ ከመሬት በታች የነበሩት ጀነሬተሮችና ማከፋፈያዎች ጠፉ። አምስተኛውንና ስድስተኛውን የኑክሌር ማብላያ ያተረፈው ከፍ ካለ ቦታ ላይ የተቀመጠና በአየር የሚቀዘቅዝ አንድ ጀነሬተር ነበር። የዚያ ውሃ መነሻ ሱናሚ ነው፤ ነገር ግን ለጀነሬተር ውሃው ከየት መጣ የሚለው ለውጥ አያመጣም። እ.ኤ.አ. በ2017 ቴክሳስ ውስጥ በክሮስቢ የአርኬማ ኬሚካል ፋብሪካ ሃርቪ የተባለው ዐውሎ ነፋስ ባመጣው ዝናብ ሲጥለቀለቅ ዋናውም የመጠባበቂያውም መብራት ጠፋ፤ ቀዝቅዞ መቆየት የነበረበት ኬሚካል ሞቆ ተቃጠለ፤ ከ200 በላይ የአካባቢው ነዋሪዎችም ከቤታቸው እንዲወጡ ተደረገ። መጠባበቂያው ዋናውን ያጠፋው ውሃ በሚደርስበት ቦታ ተቀምጦ ነበርና።

በየፋብሪካው ስዞር በሜትር የምለካው ነገር አለ። ሞተሩ ጥሩ የኮንክሪት መሠረት ላይ ተቀምጦ፣ የማስነሻ ባትሪው ግን ከጎኑ ወለል ላይ ይገኛል። 20 ሳንቲ ሜትር ውሃ ሲገባ የሚሊዮን ብር ጀነሬተር በባትሪው ምክንያት አይነሣም። መብራት ሲጠፋ መስመሩን ወደ ጀነሬተር የሚያዞረው ፓኔልም ኬብሉን ከታች ስለሚያስገባ ከባትሪው ብዙም አይርቅም። የብረት መቆሚያ በየትኛውም የብየዳ ቤት በአንድ ቀን ይሠራል፤ ባትሪውን ወገብ ድረስ ማንሣት በዚህ ክረምት ሊደረስበት የሚችል ነው።

አምስተኛው ነጥብ ትንበያን የሚመለከት ነው። የኢትዮጵያ ሚቲዎሮሎጂ ኢንስቲትዩት የክረምቱን አጠቃላይ ሁኔታ አስቀድሞ ይገልጻል፤ ይህ ታላቅ ጥቅም አለው። ሆኖም «በዚህ ክረምት ከመደበኛው በላይ ዝናብ ይጠበቃል» የሚለው መረጃ ውሃው የእኔን ግቢ በየትኛው ሌሊት እንደሚመታ አይነግረኝም። ድሬዳዋን እናስታውስ። ሐምሌ 29 ለ30 ቀን 1998 ዓ.ም. ሌሊት የደቻቱ ወንዝ በላይኛው ደጋ በጣለ ዝናብ ሞልቶ ሲወርድ ከተማዋ ተኝታ ነበር፤ ከ200 በላይ ሰዎች ሞቱ። የደረቀ አሸዋ መስሎ የሚታይ ወንዝ በሰዓታት ውስጥ ሞልቶ ሲመጣ፣ ግቢው ውስጥ ያለው ብቸኛ ወሳኝ ሰው የሌሊቱ ተረኛ ነው።

ይህን የተማርኩት በራሴ የሥራ ቦታ ነው። በአንድ ነሐሴ ሌሊት፣ ተረኛ ኤሌክትሪሺያን በነበረ ባልደረባዬ ላይ የደረሰው ሁልጊዜ ፊቴ ላይ ነው። ከኬብል ቦዩ ላሜራ ሥር ውሃ ሲላወስ ሰምቶ በእጅ ባትሪ አየ፤ ከስዊችቦርዱ እግር አንድ ስንዝር ቀርቶታል። ዋናውን ብሬከር (የኃይል ማቋረጫ) ማጥፋት ፈለገ። በፋብሪካው ደንብ ግን ያለ ኃላፊ ፈቃድ መስመር መቁረጥ ክልክል ነበር፤ ኃላፊው ደግሞ ስልክ አላነሡም። ደውሎ፣ ጠብቆ፣ ደግሞ ደውሎ አርባ ደቂቃ አለፈ። በመጨረሻ ሰዎቹን ከክፍሉ አስወጥቶ በሩን እንደዘጋ ስዊችቦርዱ ፈነዳ። ሰው አልሞተም፤ እርሱ በራሱ ውሳኔ አስወጥቷቸዋልና። ጠዋት ስንገባ የመዳብ ባሮቹ ቀልጠው እንደ ሰም ተንጠባጥበው፣ ግድግዳው እስከ ጣሪያው ጠቁሮ አገኘን።

ልዩነቱ ይህን ያህል ነው፦ ኃይል ሳይኖረው የረጠበ ሞተር ወይም ኬብል በንጹሕ ውሃ ታጥቦ፣ ደርቆ፣ ሜገር በሚባለው የኤሌክትሪክ መከላከያ መለኪያ ተለክቶ ብዙ ጊዜ ወደ ሥራ ይመለሳል፤ ብሬከርና ኤሌክትሮኒክስ የያዘ ዕቃ ግን መቀየር አለበት። ኃይል እያለው የረጠበው ሁሉ ይቃጠላል፣ ሰውም ይዞ ሊሄድ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2012 ሳንዲ የተባለው ዐውሎ ነፋስ ኒው ዮርክን ሲመታ የከተማዋ ኤሌክትሪክ ድርጅት የታችኛውን ማንሃታን አንዳንድ መስመሮች ውሃው ሳይደርስ ሆን ብሎ አጥፍቷቸው ነበር። በምሥራቅ 13ኛ ጎዳና ያለው ማከፋፈያ ጣቢያ ግን ለ3.8 ሜትር ያህል ውሃ ተዘጋጅቶ ከ4 ሜትር በላይ ስለመጣበት በሥራ ላይ እንዳለ ፈነዳ።

ስለዚህ በእያንዳንዱ የኤሌክትሪክ ክፍል ግድግዳ ላይ ቀይ መስመር ይቀባ፤ ከሥሩም «ውሃ እዚህ ሲደርስ ተረኛው ማንንም ሳይጠይቅ ያጥፋ» ተብሎ በሥራ አስኪያጁ ፊርማ ይለጠፍ። ለቦይለሩ የሚቀባው መስመር ከዚህ በጣም ዝቅ ማለት፣ የተሻለው ደግሞ ግቢ ውስጥ ሳይሆን ወንዙ ላይ መሆን አለበት። ቦይለር እንደ መብራት በአንድ ማብሪያ አይጠፋም፤ እሳቱ ከቆመም በኋላ ብረቱና የእሳት ጡቡ ለሰዓታት ይግላል፤ በዚያ ላይ ቀዝቃዛ ጎርፍ ከደረሰበት ይሰነጠቃል። ውሃ የጠጣ የእሳት ጡብም ከጎርፍ በኋላ በዝግታ ካልደረቀ በመጀመሪያው ማንደድ ይፈነዳል። የማጥፋቱ ተራ እንግዲህ ቦይለር በመጀመሪያ፣ የነዳጅ ፖምፖች ቀጥሎ፣ ስዊችቦርዱ በመጨረሻ ነው። ይህ ተራ ዝናብ በሌለበት በግንቦት ሌሊት፣ በተረኞቹ እጅ፣ አንድ ጊዜ ቢሞከር የስንት ደቂቃ ሥራ እንደሆነ በቁጥር ይታወቃል።

ጸሐፊውን አንድ ነገር በአክብሮት ልለምናቸው። ስለ ግድብ፣ ስለ አጥርና ስለ ትንበያ የጻፉት ላይ ብንለያይ ለውይይት ጊዜ አለን። የታንከሩን ምክር ግን ጽሑፉ በደረሰበት ሁሉ ከሰኔ በፊት እንዲያርሙት እጠይቃለሁ፤ ለክረምት ሲሉ ታንከራቸውን ማራገፍ የጀመሩ ሁለት ግቢዎች አውቃለሁና። በእርማቱ ቦታ የታንከሩ ወርድና የብረቱ ክብደት ከሠሪው ሰሌዳ ላይ ተነቦ፣ በአካባቢው እስከ ዛሬ የታየው ከፍተኛ የውሃ ምልክት ተለክቶ፣ ከዚያ የወጣው ዝቅተኛ የነዳጅ መጠን በታንከሩ ጎን ላይ በነጭ ቀለም ይጻፍ።